ሳቅና ሞት በየጥራዙ፦ የኤልሳቤጥ ዘመን ተውኔቶች ስብስብ ሲገመገም

በእንግሊዝ በንግሥት ቀዳማዊት ኤልሳቤጥ ዘመን፣ ማለትም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1558 እስከ 1603 ባሉት ዓመታት፣ ለመድረክ ከተጻፉት ተውኔቶች 14ቱን የያዘው ይህ ባለ ሁለት ቅጽ ስብስብ የተዘጋጀው ለተማሪዎችና ያለ አስተማሪ ለሚያነቡ ሰዎች ነው። የመጀመሪያው ቅጽ 6 ኮሜዲዎችን፣ ሁለተኛው 8 ትራጄዲዎችን ይዟል። ከእያንዳንዱ ተውኔት አስቀድሞ አጭር መግቢያ፣ የገጸ ባሕርያት ዝርዝርና የዋና ዋና ጭብጦች ማብራሪያ ይገኛል፤ በየገጹ ግርጌ ደግሞ ዛሬ የማይነገሩ ቃላትና አባባሎች ተፈትተዋል። በተውኔቶቹ ምርጫና በግርጌ ማስታወሻዎቹ ሲመዘን ገንዘብ ቢወጣበት የማያስቆጭ ሥራ ነው። በአከፋፈሉ ግን የዘመኑን ተውኔት ዋነኛ ጠባይ፣ ይኸውም ሳቅና ሞት በአንድ መድረክ፣ አንዳንዴም በአንድ ሰው አንደበት መገናኘታቸውን፣ ከአንባቢው ይሰውራል።

አከፋፈሉ አርታኢው የፈጠረው አይደለም። የሼክስፒርን 36 ተውኔቶች በ1623 ሰብስበው ያሳተሙት የመድረክ ባልደረቦቹ መጽሐፉን ኮሜዲ፣ ታሪካዊና ትራጄዲ ብለው በሦስት ከፍለውታል፤ ከዚያ ወዲህ የመጡ አሳታሚዎችም ብዙዎቹ ይህንኑ ፈለግ ተከትለዋል። ይሁን እንጂ ይህ የሆነው ንግሥቲቱ ካረፉ ከ20 ዓመት በኋላ ነው። በሕይወት ሳሉ የታተሙት ነጠላ መጻሕፍት ለምደባ ብዙም አይጨነቁም ነበር። በ1597 የታተመው «ሪቻርድ ሣልሳዊ» በርእስ ገጹ ላይ ትራጄዲ ተብሎ ሳለ በ1623 ከታሪካዊዎቹ ጎን ተሰልፏል፤ በ1600 ታሪክ ተብሎ የወጣው «የቬኒሱ ነጋዴ» ደግሞ ኋላ ከኮሜዲዎቹ ጋር ተደምሯል። ሼክስፒር በ«ሐምሌት» ውስጥ የንጉሡን አማካሪ ፖሎኒየስን የተውኔት ዓይነቶችን አንዱን ከሌላው እየቀጣጠለ፣ ትራጄዲውን ከኮሜዲው፣ ኮሜዲውን ከታሪኩ፣ ታሪኩን ከእረኞች ጨዋታ እያሰካካ ሲያስቀባጥረው የሚሳለቀው በዚህ ዓይነቱ የመመደብ አባዜ ነው። የሁለተኛው ቅጽ የግርጌ ማስታወሻ ይህን ቀልድ በሚገባ ያብራራል፤ ቀልዱ ለራሱ ለመጽሐፉም እንደሚተርፍ ግን አላስተዋለም።

ተመልካቹስ ሁለቱን ለይቶ ያያቸው ነበርን? ቶማስ ፕላተር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ተጓዥ በመስከረም 1599 ከቴምዝ ወንዝ ማዶ በሚገኝ ባለ ሣር ክዳን ቴአትር የዩልየስ ቄሣርን ትራጄዲ ካየ በኋላ፣ ጨዋታው እንዳበቃ ሁለቱ የወንድ ሁለቱ የሴት ልብስ የለበሱ ተዋንያን ወጥተው አምሮባቸው እንደጨፈሩ ጽፏል። ሰይፍና ደም ባየ መድረክ ላይ ወዲያውኑ ጭፈራ መከተሉ የተለመደ ሥርዓት ነበር። ይህ ቅይጥ ደስ የማያሰኛቸው ምሁራንም አልጠፉም፤ ሰር ፊሊፕ ሲድኒ ከሞተ በኋላ በ1595 በታተመው የሥነ ግጥም መከላከያው፣ የአገሩ ጸሐፌ ተውኔቶች ነገሥታትንና ቀልደኞችን ያለ ቅጥ ይደባልቃሉ ብሎ ነቅፏል። ስብስቡ የሲድኒን ነቀፋ በመግቢያው ይጠቅሳል፤ ከዚያም ሳይናገር የሲድኒን ወገን ይይዛል።

ጉዳቱ ጎልቶ የሚታየው በክሪስቶፈር ማርሎ «ዶክተር ፋውስተስ» ላይ ነው። አርታኢው አብዛኞቹን አስቂኝ ትዕይንቶች ከዋናው ጽሑፍ ነቅሎ በቅጹ መጨረሻ አባሪ አድርጓቸዋል። ምክንያቱንም ይሰጣል፦ ተውኔቱ በ1604 እና በ1616 በታተሙ ሁለት የተለያዩ ቅጂዎች ደርሶናል፤ የቴአትር ባለሀብቱ ፊሊፕ ሄንስሎም በ1602 ለሁለት ጸሐፊዎች ለጭማሪ ሥራ 4 ፓውንድ መክፈሉን በመዝገቡ አስፍሯል፤ ማርሎ ደግሞ በ1593 በዴትፎርድ ተገድሏል። እስከዚህ ድረስ ነገሩ ትክክል ነው። ነገር ግን የአስማቱን መጽሐፍ የሚሰርቀው ሮቢንና ፋውስተስን እግሩን ጎትቶ «የሚነቅለው» የፈረስ ነጋዴ በአጭሩ የ1604 ቅጂም ውስጥ አሉ፤ ስለዚህ በኋላ መጨመርን ማስረጃ አድርጎ እነርሱን ማባረር አያስኬድም።

የሚያሳዝነው ግን የጭብጡ መጉደል ነው። ፋውስተስ ነፍሱን ለሉሲፈር የሸጠው ለ24 ዓመታት የዓለምን ምሥጢር ሊያውቅ፣ ነገሥታትን ሊያዝዝ ነበር። በተግባር ግን ዓመታቱን የፈጀው ተሰውሮ የጳጳሱን ማዕድ በመንጠቅ፣ ጳጳሱን በጥፊ በመምታትና ውኃ ሲነካው የድርቆሽ ነዶ የሚሆን ፈረስ በመሸጥ ነው። እነዚህ ትዕይንቶች ዋጋው ምን ያህል በርካሽ እንደተበላ ለተመልካቹ እያሳቁ ያስቆጥሩታል። እነርሱ ከተነሡ የመጨረሻው ሰዓት፣ 11 ሰዓት ተደውሎ እኩለ ሌሊት እስኪሞላ ፋውስተስ ብቻውን የሚቃትትበት ድንቅ መነባንብ፣ ከአየር ላይ የወደቀ ጩኸት ይሆናል። በዚያ መነባንብ ውስጥ የሌሊት ፈረሶች ቀስ ብለው እንዲሮጡ በላቲን የሚለምንበት ቃል ከሮማዊው ባለቅኔ ከኦቪድ የፍቅር ግጥም የተወሰደ ነው፤ እዚያ ለማኙ ከውዱ ሳይለይ ሌሊቱ እንዲረዝም የሚመኝ አፍቃሪ ነው። የግርጌ ማስታወሻው ይህን አልሳተም። ትራጄዲው በከፍታው ጫፍ ላይ ሳለ ከደስታ መዝገብ ቃል እንደሚበደር የሚያውቅ አርታኢ ሮቢንን አባሪ ውስጥ መጣሉ አስገርሞኛል።

የዚህ ተውኔት እውነተኛ ጓደኛ በሌላኛው ቅጽ ተቀምጧል። የሮበርት ግሪን «መነኩሴ ቤከንና መነኩሴ በንጌይ» የተጻፈው ከፋውስተስ ብዙም በማይርቅ ጊዜ ነው፤ ባለታሪኩም እንደ ፋውስተስ በአስማት የተራቀቀ ሊቅ ነው። ቤከን ተናጋሪ የናስ ራስ ሠርቶ ለዓመታት ከደከመ በኋላ ራሱ ሲናገር እንዲቀሰቅሰው አደራ የሰጠው አሽከሩ ማይልስ ነገሩን በቀልድ ያሳልፈዋል፤ ራሱም ጊዜው አለ፣ ጊዜው ነበረ፣ ጊዜው አለፈ ብሎ ይሰባበራል። በዚሁ ኮሜዲ ውስጥ ማርጋሬት ስለተባለች የገጠር ልጃገረድ የተጣሉ ሁለት ባላባቶች ይገዳደላሉ፤ ኦክስፎርድ የሚማሩት ልጆቻቸው የአባቶቻቸውን ሞት በቤከን የምትሃት መስታወት ሲያዩ እነርሱም በተራቸው ይተራረዳሉ። አራት ሬሳ ያለበት ኮሜዲ! ቤከን መስታወቱን ሰብሮ ንስሐ ይገባል፤ ማይልስ ግን ሲኦል ውስጥ ጥሩ እሳትና ጥሩ መጠጥ መኖሩን ጠይቆ በሰይጣን ጀርባ ላይ ተፈናጥጦ ይሄዳል። ፋውስተስ የሚንቀጠቀጥለትን መንገድ ማይልስ እንደ መዝናኛ ጉዞ ይዞታል። ሁለቱን ተውኔቶች በተከታታይ ያነበበ ሰው፣ የዘመኑ ጸሐፊዎች ስለ እውቀት ጥማትና ስለ ኩነኔ ያላቸውን ሐሳብ ከማንኛውም መግቢያ በተሻለ ይረዳል። ስብስቡ ግን ይህን ዝምድና በአንድም መስመር አይጠቁምም።

የማርሎ «የማልታው አይሁዳዊ» ከሁሉ ይልቅ ለምደባ የሚያስቸግር ተውኔት ነው፤ የተቀመጠው ከትራጄዲዎቹ ጋር ነው። ባራባስ ሀብቱን የማልታ ገዥ ለቱርኮች ግብር ሲል ሲወርስበት የሚያሰማው እሮሮ ልብ ይነካል፤ ጥቂት ቆይቶ ግን ተመልካቹን እየጠቀሰ፣ የሚሠራውን ተንኮል አስቀድሞ እያካፈለ፣ ገዳም ሙሉ መነኮሳይያትን ከገዛ ልጁ ከአቢጌል ጋር በመርዝ ይፈጃል። አቢጌል በክርስትና መሞቷን መስክርልኝ ብላ ስታርፍ አጠገቧ ያለው መነኩሴ፣ በድንግልናም ነው፣ ከሁሉ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው ብሎ ይመልሳል። በዚህች ቅጽበት የሚያለቅስም የሚስቅም ተመልካች ልክ ነው። መጨረሻ ላይ ባራባስ ለሌላ ባዘጋጀው የፈላ ጋን ውስጥ ራሱ ይወድቃል።

ባራባስን ለመረዳት ከእርሱ በፊት ወደነበሩት የግብረ ገብ ተውኔቶች መመለስ ይጠይቃል። በእነዚያ ተውኔቶች «ቫይስ» የሚባል፣ የሰውን ልጅ ወደ ኃጢአት የሚያባብልና ከተመልካቹ ጋር እየቀለደ የሚመካከር ገጸ ባሕርይ ነበር። ሪቻርድ ሣልሳዊ ራሱን በግልጽ ከዚህ ገጸ ባሕርይ ጋር ያመሳስላል። በ«ታይተስ አንድሮኒከስ» ውስጥ ያለው አሮንም የዚሁ ዘር ነው፤ ክፋቱን እየዘረዘረ የሚኩራራበት ንግግር የባራባስን ንግግር በቅርብ ይከተላል፤ የተወለደለትን ሕፃን ለማዳን የሚያሳየው ርኅራኄ ግን ከወረሰው ጭንብል ሥር ሌላ ሰው ያሳየናል። የገጸ ባሕርያቱ ዝርዝር ባራባስን «ስግብግብ ነጋዴ»፣ አሮንን «ክፉ» ብሎ በአንድና በሁለት ቃል ያልፋቸዋል። እንዲህ ያለ ዝርዝር ለፈተና ዝግጅት ይጠቅም ይሆናል፤ ለማንበብ ግን እንቅፋት ነው፤ ምክንያቱም አንባቢው ገጸ ባሕርዩን ከማግኘቱ በፊት ብይኑን ይሰማል።

ከባራባስ ወደ «የቬኒሱ ነጋዴ» አይሁዳዊ አበዳሪ ወደ ሻይሎክ የሚወስደው መንገድ አጭር ነው። አይሁዳውያን ከእንግሊዝ በ1290 ተባርረው ስለነበር ከተመልካቹ ብዙው ክፍል አይሁዳዊ ጎረቤት አይቶ አያውቅም፤ የሚያውቀው የመድረኩን ነው። የንግሥቲቱ ሐኪም የነበረውና ከአይሁድ ወገን የሚወለደው ሮድሪጎ ሎፔዝ በ1594 በተሰቀለበት ወቅት የማርሎ ተውኔት ተደጋግሞ ታይቷል። ሼክስፒር ያንን የሚያስቅ ጭራቅ ተቀብሎ ምን እንዳደረገው ለማየት አንድ ቦታ ይበቃል፦ ልጁ ጄሲካ ጌጡን ይዛ ስትኮበልል፣ ከሚስቱ ከሊያ ያገኘውን ቀለበት በዝንጀሮ መለወጧን ሲሰማ፣ ጫካ ሙሉ ዝንጀሮ ቢሰጡኝ አልለውጠውም ነበር ይላል። ቃሉ ያስቃል፤ ሰውየው ግን አያስቅም። የመጀመሪያው ቅጽ መግቢያ ስለ ምሕረትና ስለ ሕግ፣ በፍርድ ቤት ስለምትረታው ስለ ፖርሽያ አንደበተ ርቱዕነት በጥሩ ሁኔታ ያትታል፤ ነገር ግን ተውኔቱ ኮሜዲ ለመሆን ሲል ሻይሎክን በ4ኛው ገቢር አስወጥቶ 5ኛውን ገቢር በቀለበት ጨዋታ እንዴት እንደሚሞላው ከመጠየቅ ይቆጠባል።

ስለ በቀል ጭብጥ የቀረበው ማብራሪያ የሁለተኛው ቅጽ ምርጡ ክፍል ነው። ቶማስ ኪድ በ«የስፔን ትራጄዲ» የፈጠረው ሄሮኒሞ ልጁ የተገደለበት አባት ብቻ አይደለም፤ በቤተ መንግሥቱ የሚፈርድ ዳኛም ነው። የግርጌ ማስታወሻው የሹመቱን ሥልጣን በግልጽ ስላስረዳ፣ ለሌላው ፍትሕ የሚሰጥ ሰው ለራሱ ፍትሕ ማጣቱ የተውኔቱ ምሰሶ መሆኑ ይገባናል። በ«ሐምሌት» ውስጥ በቀል ወደ ውስጥ ሲመለስና ከድርጊት ይልቅ ማሰላሰል ሲሆን የሚያሳየው ንጽጽርም የበሰለ ነው። ያም ሆኖ ፔድሪንጋኖ የሚሰቀልበት ትዕይንት «ማስታገሻ» ተብሎ መጠቀሱ አላሳመነኝም። ይህ ሎሌ ጌታው የምሕረት ደብዳቤ በሣጥን ውስጥ እንደላከለት ተማምኖ ከሰቃዩ ጋር ይቀልዳል፤ ሣጥኑን የያዘው ልጅ ግን ባዶ መሆኑን ከፍቶ አይቷል፤ እኛም አብረን አይተናል። እየሳቅን ሰው ሲሰቀል እናያለን፤ ፈራጁ ደግሞ ሄሮኒሞ ነው። ይህ ትዕይንት ጭንቀትን አያስታግስም፤ ፍትሕ በዚህ ዓለም ባዶ ሣጥን መሆኑን አስቀድሞ ያሳያል።

እያንዳንዱ ቅጽ የየራሱ መፈለጊያ ስላለው «በቀል» የሚለው ርእስ በሁለተኛው ቅጽ ረጅም የገጽ ዝርዝር ሲኖረው በመጀመሪያው ቅጽ ጨርሶ የለም። በመጀመሪያው ቅጽ ግን «አሥራ ሁለተኛዋ ሌሊት» አለ። የቤት መጋቢው ማልቮሊዮ በሐሰተኛ ደብዳቤ ተታልሎ፣ ቢጫ ካልሲ አድርጎ፣ እንደ እብድ በጨለማ ክፍል ተዘግቶበት ከቆየ በኋላ መድረኩን የሚለቀው ሁላችሁንም እበቀላችኋለሁ ብሎ ነው። ጆን ማኒንግሃም የተባለ የሕግ ተማሪ ይህን ተውኔት በየካቲት 1602 አይቶ በማስታወሻው የመዘገበው በመጋቢው ላይ የተፈጸመውን ማታለል አድንቆ ነው፤ የማልቮሊዮ ዛቻ ግን ሳይመለስለት ቀርቷል። የሄሮኒሞ ቃል በኮሜዲ ቤት ውስጥ ሲሰማ ምን እንደሚመስል ለማጥናት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለም፤ መፈለጊያው ወደዚያ አይመራም።

ከኮሜዲዎቹ መካከል በግሌ ከሁሉ የምወደው የቶማስ ዴከር የ1599 ሥራ «የጫማ ሰፊዎች በዓል» ነው፤ ለእርሱ የተጻፈው መግቢያም ከስብስቡ ሁሉ የላቀ ነው። ሳይመን አየር ከጫማ ሰፊነት ተነሥቶ የለንደን ከንቲባ ይሆናል፤ ንግግሩ በዝርው ነው፣ ይንጎደጎዳል፣ ቤቱን በሙሉ ያንቀሳቅሳል። ከዚህ ደስታ በታች ግን የራልፍ ታሪክ ይሄዳል። ራልፍ አዲስ ሙሽራ ሳለ ለፈረንሳይ ጦርነት ይመለመላል፤ እንዲያስቀረው የተለመነው አዛዥ ሌሲ አይሆንም ይላል፤ ከዚያ ራሱ ሌሲ ለፍቅሩ ሲል ከዘመቻው ቀርቶ የኔዘርላንድ ጫማ ሰፊ መስሎ ለንደን ውስጥ ይደበቃል። መጨረሻ ላይ ከዳተኛው ባላባት በንጉሡ ምሕረት ተሞሽሮ ሲመረቅ፣ ታዛዡ ራልፍ አካለ ስንኩል ሆኖ ይመለሳል፤ ሞቷል ተብላ ሌላ ልታገባ የተቃረበችውን ሚስቱን ጄንንም የሚያገኛት ሲሄድ ባበረከተላት ጫማ ምልክት ነው። ባለጸጋው ሃሞን ሚስቱን እንዲተውለት 20 ፓውንድ ወርቅ ሲዘረጋለት የሚሰጠው የንቀት መልስ የሠራተኛ ክብር በዘመኑ መድረክ ካገኛቸው ከፍተኛ ቃላት አንዱ ነው። መግቢያው ይህን የመደብ ምጸት አንድ በአንድ ይፈታዋል።

የጆን ሊሊ «ጋላቴያ» መካተቷ አስደሳች ነው። ለኔፕቱን መሥዋዕት እንዳይሆኑ አባቶቻቸው ወንድ ያስመሰሏቸው ሁለት ልጃገረዶች ይዋደዳሉ፤ ቬነስ አንዷን ወንድ አደርጋለሁ ብትልም የትኛዋን እንደሆነ ተውኔቱ ሳይነግረን ያበቃል። የሴት ገጸ ባሕርያትን የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች መሆናቸው ሲታሰብ ጨዋታው እጥፍ ድርብ ይሆናል። ቤን ጆንሰን በ1598 ያቀረበው «ሁሉም በየጠባዩ» ደግሞ በሰውነት ውስጥ አራት ፈሳሾች ጠባይን ይወስናሉ ከሚለው የጥንት ሕክምና ተነሥቶ እያንዳንዱን ሰው በአንድ አባዜ ያስራል፤ ቦባዲል 20 ሰዎች ብቻ ሆነው በ200 ቀን 40,000 ጠላት እንደሚጨርሱ በስሌት አስረድቶ ወዲያው በአንድ ሰው ይደበደባል። «ኤድዋርድ ዳግማዊ» በጥንቃቄ ተዘጋጅቷል፤ ብዙ የምለው የለኝም።

«የፌቨርሻሙ አርደን» ግን ሌላ መግቢያ ይገባው ነበር። ደራሲው ያልታወቀው ይህ ተውኔት በ1592 የታተመ ሲሆን በ1551 በኬንት አውራጃ በእርግጥ የተፈጸመን ግድያ ይተርካል። አሊስ ከወዳጇ ከሞዝቢ ጋር ተማክራ ባሏን ታስገድላለች። የተቀጠሩት ነፍሰ ገዳዮች ግን እጅግ የማይቀናቸው ናቸው፤ አንዱን የሱቅ መዝጊያ ራሱን ይፈነክተዋል፣ ሌላው በጭጋግ ምክንያት ቦይ ውስጥ ይወድቃል። ተመልካቹ በእያንዳንዱ ውድቀት እየሳቀ፣ ሳይታወቀው ግድያው ይሳካ ዘንድ መጠበቅ ይጀምራል፤ አርደን በገዛ ቤቱ ገበታ ሲጫወት ሲታረድ ሳቁ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። መግቢያው ስለ ጋብቻ፣ ስለ መሬትና ስለ ሕግ ጠቃሚ ነገሮችን ይናገራል፤ ስለዚህ ሳቅ ግን ዝም ብሏል።

በሁለተኛው ቅጽ መጨረሻ ያለው ስለ ተዋንያን የሚናገረው ክፍል ስሙ አነስተኛ ይሁን እንጂ ይዘቱ ከባድ ነው። ቀልደኛው ዊል ኬምፕ በ1599 ገደማ ከሼክስፒር ማኅበር ሲለይና ሮበርት አርሚን ሲተካው የቀልደኛው ገጸ ባሕርይ ከጭፈራና ከቃላት ስሕተት ወደ ዘፈንና ወደ መራራ ጥበብ እንዴት እንደተሻገረ ያስረዳል። በ1599 በታተመው «ሮሜዎና ጁልየት» ውስጥ በጁልየት አልጋ ዙሪያ ለቅሶ ካበቃ በኋላ «ዊል ኬምፕ ይገባል» የሚል መመሪያ እንዳለም ይጠቅሳል፤ ሎሌውን ፒተርን ሆኖ ከሙዚቀኞቹ ጋር ሊቀልድ ነው የሚገባው። ይህ ክፍል በመጀመሪያው ቅጽ መግቢያ ላይ ቢቀመጥ ኖሮ የስብስቡ አቋም በሙሉ ይለወጥ ነበር።

ቅጾቹ ለየብቻ ስለሚሸጡ አንዱን ብቻ ለመግዛት ለሚያስብ ሰው ምክሬ ወይ ሁለቱን መግዛት፣ ወይ ሁለቱንም መተው ነው። የገዛ ሰው ደግሞ የአርታኢውን ቅደም ተከተል ትቶ ከግሪን መነኩሴ ወደ ፋውስተስ ቢሻገር፣ ፋውስተስንም አባሪውን በየቦታው እየመለሰ ቢያነብ፣ ከባራባስ ቀጥሎ ሻይሎክን፣ ከሄሮኒሞ ቀጥሎ ማልቮሊዮን ቢያስከትል ይጠቀማል። የገጸ ባሕርያቱን ዝርዝር ከእያንዳንዱ ተውኔት በኋላ እንጂ በፊት እንዳይከፍት።